ልጃችንን በዕጣ? የቡአው ክር ከቁጥር 1 እስከ 34

በመድረካችን ላይ በተከታታይ መልሶች የተጻፈውን ይህን ውይይት፣ ይህን ክር፣ አሳጥረህ ንገረን ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ረዝሟል፣ መሃሉ ላይ ተጣልተንበታል፣ አንድ መልስም ሰርዣለሁ። ሁለት ሰዎች ደግሞ የጻፉት ስለ ልጆቻቸው ስለሆነ ቃላቸው እንዳለ እንዳይገለበጥ ለምነውኛል። ስለዚህ በራሴ አፍ ልተርከው። የመድረኩ ጠባቂ እንደመሆኔ ከማንም ጋር መወገን አልነበረብኝም፤ ሁልጊዜ አልሆነልኝም።

ቁጥር 1 የሜሪላንዱ አባት ነው። ልጁ በፈረንጆች 2017 በ29ኛው ሳምንት ተወልዶ ከሁለት ወር በላይ ኢንኩቤተር ውስጥ ከረመ። ወደ ቤት ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ሲያለቅስ ብሽሽቱ አበጥ እንደሚል ነርሷ አየች። ቡአ ነው፤ አንጀት በብሽሽት በኩል ወደ ውጭ ሲገፋ ማለት ነው። ቀናቸው ሳይደርስ በተወለዱ ወንዶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር ነው። ሐኪሞቹ ወላጆቹን አስቀምጠው አንድ ጥናት እንዳለ ነገሯቸው። ከገቡበት፣ ልጁ ከሆስፒታል ሳይወጣ ኦፕራሲዮን ይሠራለት ወይስ ቤት ገብቶ ጠንከር ካለ በኋላ ይመለስ የሚለውን የሚወስነው ዕጣ ነው። ሚስቱ ልጄ ላይ ዕጣ አይጣልም ብላ ተነሳች፣ እሱም አብሯት ተነሳ። ከጥናቱ ውጭ ሆነው ቶሎ ይሠራለት አሉ። ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። ሌሊት ግን የልጁ ትንፋሽ ቆም እያለ አስቸገረ፤ ወደ መተንፈሻ መሣሪያው ተመልሶ ሦስት ቀን ቆየበት። ዛሬ ተማሪ ነው፣ ኳስ ሲያሳድድ ይውላል። አባትየው ግን ሰሞኑን የዚያ ጥናት ውጤት ታትሞ አገኘ፤ መቆየቱ ይሻላል ይላል። ሁለት ጥያቄ ይዞ መጣ፦ በልጄ ላይ ፈረድኩበት ወይ? ደግሞስ፣ በገዛ ልጁ ላይ ዕጣ የሚያስጥል ወላጅ ምን ዓይነት ወላጅ ነው?

ቁጥር 2 አንዲት እናት ናት፤ ልጁ በሰላም አድጓልና ተመስገን በል፣ ራስህን አታብላ ብላ አጽናናችው። ቁጥር 3 መንፈሳዊ ሰው ነው። ዕጣ ምን ነውር አለው ብሎ፣ በይሁዳ ምትክ ማትያስ የተመረጠው በዕጣ መሆኑን አስታወሰ። ቀጠለና ዕቁባችንንም ጠቀሰ፦ ዳኛው ዕጣ ሲያወጣ ለእገሌ ይውጣለት ብሎ አያዳላም፤ ሁላችንም ዝም ብለን የምንቀበለው ለዚያ ነው። ቁጥር 4 ወዲያው ቆረጠችው። ዕቁብ ገንዘብ ነው፤ ባይደርስህ በሚቀጥለው ወር ይደርስሃል፤ ልጅ ግን አንድ ነው። ለዚህ መልስ የተሰጣት የድጋፍ ምልክት በክሩ ውስጥ ከሁሉም ይበልጣል። እኔም አንዱን ሰጥቻለሁ።

ቁጥር 5 ላይ የመጣችው በቨርጂኒያ በሰመመን ሕክምና የምትሠራ የረጅም ጊዜ አባላችን ናት። አባትየው ያነበበውን ጥናት እሷም አንብባዋለች። በ2024 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ በ39 የአሜሪካ ሆስፒታሎች 338 ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የገቡበት ነው። ገሚሶቹ ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሳይወጡ ተሠራላቸው። ሌሎቹ ከእናታቸው የመጨረሻ የወር አበባ ጀምሮ ሲቆጠር 55 ሳምንት እስኪሞላቸው፣ ማለትም መወለድ ከነበረባቸው ቀን ሦስት ወር ተኩል ያህል አልፎ፣ ቆዩ። ከባድ ችግር የገጠማቸው ቶሎ ከተሠራላቸው 28 በመቶ፣ ከቆዩት 18 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ግልጽ ስለሆነ ጥናቱ ከታሰበው በፊት ቆመ። ምክንያቱን እንደ ሙያዋ ዘረዘረችው፦ ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ትንፋሹን የሚያዝዘው የአንጎል ክፍል ገና አልበሰለም፤ ማደንዘዣ ሲጨመርበት ትንፋሹ ይዘነጋል። የአባትየው ልጅ ያሳለፈው ሌሊት ይኸው ነው።

ታዲያ ለምን ቶሎ ይሠሩ ነበር? ፍርሃቱ ሌላ ነበር። ቡአው ውስጥ የገባ አንጀት ታንቆ ሊቀር ይችላል፤ ደም ካጣ ይሞታል። ቤት የሄደ ሕፃን ሌሊት ላይ ታንቆበት ወላጆቹ ባያውቁስ? ሁለቱም ወገን ያለ ምክንያት አልነበረም። ቀጥላ የተናገረችው የክሩ አከርካሪ ይመስለኛል፦ በ2017 መልሱን የሚያውቅ ሐኪም አልነበረም። ልጅህ ቶሎ ይሠራለት ወይስ ይቆይ የሚለውን የሚወስነው በየትኛው ሆስፒታል በር እንደገባህና ያን ሳምንት ተረኛው ቀዶ ሐኪም ማን እንደሆነ ነበር። እሱም ዕጣ ነው፤ ልዩነቱ ማንም አለመመዝገቡ ብቻ ነው።

አባትየው በቁጥር 6 ተመለሰ። ሂሳብ ሠርቷል፦ ከመቶ ሕፃን አሥሩ፣ ልጄ ከአሥሩ አንዱ ነበር ማለት ነው አለ። የቁጥር 7 ጸሐፊ፣ አዳማ ያለ የሒሳብ መምህር፣ በትሕትና ግን ያለ ርኅራኄ አረመው። ቆይተው ከተሠራላቸውም ከመቶ 18ቱ ተቸግረዋል፤ ያንተ ልጅ ቢቆይ ከእነዚያ አንዱ አይሆንም ያለው ማን ነው? ደግሞ ጥናቱ ውስጥ ብትገባም ዕጣው ቶሎ በሚለው በኩል ሊወድቅ እኩል ዕድል ነበረው፤ ያው ሌሊት ይጠብቅህ ነበር። እንዲህ ያለ ማጽናኛ ሰምቼ አላውቅም፤ አባትየው ግን አመሰገነው።

ቁጥር 8 ላይ ነፍሰ ጡር የሆነች አባል በፍርሃት ገባች። ማደንዘዣው ራሱ የልጅ አንጎል ይጎዳል ሲባል ሰምታለች። የሰመመኗ ባለሙያ በቁጥር 9 መለሰችላት፤ ነገሩ በአጋጣሚ ወደ ቡአ ተመለሰ። ይህንኑ ለመመርመር በ7 አገሮች 722 የቡአ ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ነበር፤ ገሚሶቹ ሙሉ ሰመመን፣ ገሚሶቹ ነቅተው ሳሉ የጀርባ መርፌ ተሰጣቸው። አምስት ዓመት ሲሞላቸው የአእምሮ ፈተና ተፈተኑ፤ ልዩነት አልተገኘም። ይህ ግን ከአንድ ሰዓት ላነሰ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ለተሰጠ ሰመመን ነው ብላ አስጠነቀቀች። ለረዘመና ለተደጋገመው የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች በ2016 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

እስከዚህ ድረስ ጨዋ ክር ነበር።

ቁጥር 10 የመጣው ከእስራኤል ነው። እናንተ በቁጥር ትጫወታላችሁ፣ እኛ ግን ታሪክ አለን አለ። በ1996 ኢትዮጵያውያን የለገሱት ደም በድብቅ ይጣል እንደነበር ሲሰማ፣ ኢየሩሳሌም ላይ አደባባይ ከወጡት አንዱ አባቱ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ፈርም ሲለኝ እጄ አይታዘዝም ይላል። አሜሪካ ውስጥ በተስኪጊ ከ1932 እስከ 1972 ቂጥኝ የያዛቸው ጥቁር ወንዶች መድኃኒት እያለ እንዳይታከሙ ተደርገው መጠናታቸውን ጨመረ። በዚያው በ1996 ደግሞ በናይጄሪያ ካኖ፣ በማጅራት ገትር ወረርሽኝ መካከል፣ ፋይዘር 200 ሕፃናትን ለመድኃኒት ሙከራ አስገባ፤ ወላጆች ሙከራ መሆኑ አልተነገረንም ብለው ከሰሱ፤ ነገሩ በ2009 ለካኖ ግዛት 75 ሚሊዮን ዶላር በመክፈል በስምምነት አለቀ። ሚስትህ ልክ ነበረች ብሎ ደመደመ።

ቁጥር 11 ይህ ስለ መድኃኒትና ስለ ዘረኝነት ነው፣ ስለ ቀዶ ጥገና አይደለም ብሎ ሊያልፈው ሞከረ። ቁጥር 12 እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም አለችው። ዳኛ ሁን ካላችሁኝ ቁጥር 12 ትክክል ናት። ሰውዬው ያነሳው ሁሉ ሆኗል፤ የፈቃድ ወረቀት የሚባለውም የመጣው እንዲህ ያለ ነገር ስለተፈጸመ ነው።

የሰመመኗ ባለሙያ በቁጥር 13 ስትመለስ ግን ክርክሩን ገለበጠችው። ያልተሞከረውስ ማንን ጎዳ? በ1980ዎቹ አጋማሽ እንኳ፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ ትላልቅ ሆስፒታሎች፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ደረታቸው ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚሰጣቸው ጡንቻ የሚያስር መድኃኒትና የሳቅ ጋዝ ከሚባለው ቀላል ማደንዘዣ ጥቂት ብቻ ነበር። መንቀሳቀስ አይችሉም፤ መጮህ አይችሉም። ጨቅላ ሕመም አይሰማውም፣ ቢሰማውም አያስታውሰውም፤ ሕመም ማስታገሻው ግን ይገድለዋል ተብሎ ይታመን ነበር። ክፋት አልነበረም፤ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነበር። ካንዋልጂት አናንድ የተባለ ከሕንድ የመጣ ወጣት ሐኪም ኦክስፎርድ ላይ፣ ከኦፕራሲዮን ክፍል የሚመለሱ ሕፃናት ከሄዱበት በባሰ ሁኔታ ሲመለሱ እያየ ጠየቀ። 16 ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ሁሉም የሚሠራላቸው አንድ ነገር ነው፣ ከልብ አጠገብ ሳይዘጋ የቀረ ቧንቧ መዝጋት። ለገሚሶቹ በተለመደው ላይ ፌንታኒል የተባለ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ተጨመረ። ደማቸው ሲመረመር፣ ፌንታኒል ያላገኙት ሰውነታቸው በጭንቀት ሆርሞን ተጥለቅልቆ ነበር፤ ከኦፕራሲዮን በኋላም የባሰ ችግር ያየው የእነሱ ወገን ነው። ጥናቱ በጥር 1987 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ጨቅላም ማደንዘዣ ይገባዋል አለ። 16 ሕፃናት ብቻ ናቸው፤ የቡአው ጥናት እንኳ ሃያ እጥፍ ይበልጣል።

ይህን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ወጣ አልኩ።

ቁጥር 14 አላመነም፣ ተረት ነው አለ። ቁጥር 15 መለሱለት፤ እኒህ ጡረታ የወጡ የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ ናቸው፣ በመድረኩ እትዬ የምንላቸው። በደርግ ጊዜ ይሠሩበት በነበረ ሆስፒታል (ስሙን አልጠሩም) ጨቅላ ሕፃን ጣቱን በስኳር ውሃ እያጠባን፣ እጁን ይዘን ይሠራለት ነበር አሉ። የሚይዙት እሳቸው ነበሩ። ሐኪሙ አይሰማውም ሲል እሳቸው እጁ ሲጨብጣቸው ይሰማቸው እንደነበር ጻፉ። ቁጥር 14 ይቅርታ ጠየቀ። በዚህ መድረክ ብርቅ ነገር ነው።

ከዚያ ክሩ እንደ ልማዱ መንገድ ሳተ። ቁጥር 16 የጎንደር ልጅ ነው፤ ነጮቹን ተዉአቸው፣ እኛ ያለ ፈቃድም ያለ ዕጣም ልጆቻችንን ስንቆርጥ አልኖርንም ወይ ብሎ እንጥል ማስቆረጥንና ግግ ማስወጣትን አነሳ። የሱም እንጥል በሰባት ቀኑ በመንደር አዋቂ ተቆርጧል፤ ለምን እንደሆነ እናቱን ጠይቆ ያገኘው መልስ ሁሉም ያስቆርጥ ነበር የሚል ነው። የጨቅላ ድድ ፈልፍሎ ተቅማጥ ለማቆም ከመሞከር የበለጠ ምን ሙከራ አለ አለ። ቁጥር 17 ተቆጥታ ባህላችንን አትሳደብ አለችው፤ ቁጥር 18 ደግሞ እኔም ልጄን ሎንዶን ላይ እንጥሉን አስቆርጫለሁ፣ ሐኪሙ ራሱ አዘዘ ብሎ ገባ። የሰመመኗ ባለሙያ ያ እንጥል ሳይሆን ቶንሲል መሆን አለበት ብላ አረመችው፤ ተጠይቆ ሲታይ ቶንሲል ሆኖ ተገኘ። በነካ እጇም ቶንሲል ማውጣት ራሱ በዕጣ መፈተኑን ነገረችን። በ2013 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ሲተኙ ትንፋሻቸው የሚቆራረጥ ከ5 እስከ 9 ዓመት የሆኑ 464 ልጆች ገሚሶቹ ቶንሲላቸው ወጣ፣ ገሚሶቹ ሰባት ወር ተጠበቁ። የወጣላቸው እንቅልፋቸውም ጠባያቸውም ተሻለ፤ ዋናው ጥያቄ በነበረው የትኩረት ፈተና ግን ከሌሎቹ አልተለዩም። ከተጠበቁትም ግማሽ የሚጠጉት ትንፋሻቸው ያለ ቢላ ተስተካከለ። ወጌሻ የነካካ አንድ መልስም ነበር፣ ቁጥር 19፤ ርዕሳችን አይደለምና አልፈዋለሁ።

ወደ ርዕሱ የመለሰችን የቁጥር 20 እናት ናት፣ ከአዲስ አበባ። ልጇ ጀርባዋ ላይ ክፍት ሆኖ ተወለደች፤ ጀርባዋ በተዘጋ በሳምንቱ ጭንቅላቷ ውስጥ ውሃ መጠራቀም ጀመረ፤ ሻንት ገባላት። ሻንት ማለት ውሃውን ከአንጎል ወደ ሆድ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ ነው። እናትየው እንቅልፍ የላትም፤ ልጅቷ ባስመለሰች ቁጥር ቱቦው ተዘጋ እያለች ታክሲ ትሳፈራለች። እኔ ቢያንስ ታክሲ አለኝ አለች። በሆስፒታል ያወቀቻት የወሎ ሴት ግን የሁለት ቀን መንገድ ነበራት፤ የሷ ልጅ ሻንት ሲዘጋ አልደረሰችም። ጥያቄዋ ለእንዲህ ዓይነቱ አገር ማን አጥንቶ ያውቃል የሚል ነበር።

ቁጥር 21 ጂማ የሚሠለጥን የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ነው፤ ተጠንቷል አላት፣ በጎረቤታችን። ቤንጃሚን ዋርፍ የተባለ አሜሪካዊ የነርቭ ቀዶ ሐኪም በ2000 ምሥራቅ ኡጋንዳ፣ ምባሌ ከተማ ገባ። እዚያ ያገኛቸው ሕፃናት ብዙዎቹ በጨቅላነታቸው በያዛቸው ኢንፌክሽን ምክንያት ጭንቅላታቸው ውሃ የያዘ ነው። ለገበሬ ልጅ የሚዘጋ ቱቦ ማስገባት አደገኛ ስለሆነ፣ በካሜራ ገብቶ ለውሃው በአንጎል ውስጥ ሌላ መውጫ የሚከፍት፣ ውሃ የሚያመነጨውንም ሕዋስ የሚያቃጥል መንገድ ያዘ። በሀብታሞቹ አገር ለሕፃን አይሆንም ይባል ነበር። ክርክሩን የፈታው እዚያው ምባሌ የተደረገ ጥናት ነው፤ ከስድስት ወር በታች ያሉ 100 ሕፃናት በዕጣ ተከፈሉ፣ ገሚሱ ሻንት፣ ገሚሱ ያለ ሻንት። ከአንድ ዓመት በኋላ በአእምሮ እድገታቸው ልዩነት አልታየም። በታኅሣሥ 2017 ታተመ። ልዩነት አለመኖሩ ዜና አይመስልም፤ ሁለት ቀን ለምትጓዝ እናት ግን ትልቁ ዜና እሱ ነው። አዲሱ መንገድም ለሁሉም አይሠራም፣ ኋላ ሻንት ያስፈለጋቸው ነበሩ ብሎ ሬዚደንቱ ጨመረ። የአዲስ አበባዋ እናት ስለ ወሎዋ ሴት ስታስብ እንደዋለች ጻፈች፤ ሌላ ምንም አላለችም።

ቁጥር 22 ከፊላዴልፊያ፣ ለምን እስክትወለድ ይጠበቃል፣ ማህፀን ውስጥ ሳለች ይሠራ የለ ወይ ብላ መጣች። አልተሳሳተችም። ጀርባቸው የተከፈተ ሕፃናትን ከመወለዳቸው በፊት፣ 26ኛው ሳምንት ሳይሞላ፣ የእናታቸውን ማህፀን ከፍቶ መዝጋት በሦስት የአሜሪካ ማዕከላት ተጠንቶ በ2011 ታትሟል። ሻንት ያስፈለጋቸው ከ82 በመቶ ወደ 40 ወረዱ፤ በሁለት ዓመት ተኩላቸው ያለ ድጋፍ የሚራመዱት ከ21 በመቶ ወደ 42 ወጡ። ዋጋ አለው፦ ልጁ ቀኑ ሳይደርስ ይወለዳል፣ የእናትየው ማህፀን ጠባሳ ይሳሳል። እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ጥናቱ እስኪያልቅ ድረስ በአሜሪካ ያሉ ሌሎች ሆስፒታሎች ይህን ኦፕራሲዮን ከጥናቱ ውጭ ላለመሥራት ተስማምተው ነበር። የፈለገች እናት ዕጣው ውስጥ መግባት ነበረባት። የቁጥር 1 ሚስት እዚያ ብትሆን ምን ትል ነበር እያልኩ አሰብኩ፤ ብዙም ሳልቆይ ከራሷ ሰማሁ፣ ወደዚያ እመጣለሁ።

ቁጥር 23 ፊላዴልፊያዋን ያዛት። የሀብታም ወሬ ነው፤ ለኛ አገር የሚያስፈልገው ዱቄት ውስጥ ፎሊክ አሲድ መጨመር ነው፣ ከመፀነሷ በፊት ያገኘች እናት አብዛኛውን ጊዜ ይህ አይደርስባትም አለ። ነገሩ እውነት ነው፤ አነጋገሩ ግን ልጇ ተጎድታ የተወለደችውን እናት ጥፋተኛ አስመሰላት። ቁጥር 24 የሰደበው በዚህ ነው። ቁጥር 25ን የሰረዝኩት እኔ ነኝ፤ የብሔር ስም ነበረበት። ቁጥር 26 ለምን ተሰረዘ የሚል አቤቱታ ነው። የአዲስ አበባዋ እናት ግን እርጋታዋን አላጣችም፤ እርግዝናዋን ያወቀችው በሦስተኛ ወሯ እንደነበር፣ ክኒኑ የተሰጣት ከዚያ ወዲያ እንደሆነ፣ የጀርባ አጥንት ግን በመጀመሪያው ወር እንደሚዘጋ ማንም ነግሯት እንደማያውቅ ጻፈች።

ሬዚደንቱ በቁጥር 27 ውጥረቱን ለማርገብ ይመስላል ስለ ጓንት አነሳ። ቺታ የሚባል ጥናት አለ፦ የሆድ ኦፕራሲዮን ሊዘጋ ሲል ቡድኑ ጓንቱንና መሣሪያውን በንጹሕ ይቀይራል፣ ሌላ ነገር የለም። ጋና፣ ቤኒን፣ ናይጄሪያ፣ ሩዋንዳ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ሕንድና ሜክሲኮ ገብተውበታል፤ 81 ሆስፒታሎች፣ 13,301 ታካሚዎች። ዕጣው የወጣው በሰው ላይ ሳይሆን በሆስፒታሉ ላይ ነው፤ አንዱ ሆስፒታል እንደ ቀድሞው፣ ሌላው በአዲሱ። ቁስል የመመረዙ ነገር ከ18.9 ወደ 16 በመቶ ወረደ። እስራኤላዊው፣ ቁጥር 10፣ ተመልሶ ታካሚው ሳያውቅ ሆስፒታሉ ዕጣ ወጣበት ማለት ነው ብሎ ወጋው። ሬዚደንቱም አልተኛለትም፤ አንተ ስለ ጋውን ታወራለህ፣ እኔ ጓንት ቆጥሬ ነው የምሠራው አለው። ሂሳብ መምህሩ በመካከላቸው ገብቶ፣ ያ ጥናት አዋቂና ልጅ የተቀላቀለበት ስለሆነ የሕፃናት ማስረጃ ብላችሁ አትጥሩት ብሎ ሁለቱንም አስኮረፈ።

ቁጥር 28 ስቶክሆልም ያለ አባት ነው፤ ከሁላችን የፈረመ እሱ ብቻ መሆኑን አወቅን። ሴት ልጁን ትርፍ አንጀት ሲያማት፣ በአንቲባዮቲክ ይታከም ወይስ ይቆረጥ የሚለው ጥናት ውስጥ አስገባት። ስዊድን፣ ፊንላንድ፣ ካናዳ፣ አሜሪካና ሲንጋፖር የተሳተፉበት፣ 936 ልጆች ያሉት፣ በ2025 መጀመሪያ ላንሴት ላይ የወጣው ነው። ዕጣዋ አንቲባዮቲክ ሆነ፤ ዳነች፤ ከአምስት ወር በኋላ ተመልሶ አመማትና ተሠራላት። ከመቶ 34ቱ እንደሷ ሕክምናው አልያዘላቸውም፣ በቢላው በኩል ግን 7 ብቻ። ትቆጫለህ ወይ ሲባል፣ ልጄ ከ34ቱ መሆኗን አውቃለሁ፣ ግን 34 መሆኑን ያወቅነው በሷ ጭምር ነው አለ። ቁጥር 29 ስድሳ ስድስቱ ሆዳቸው ሳይከፈት ቀረ ማለት አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ። ነው። ጥናቱ ቢላው ያሸንፋል ብሎ ቢዘጋም፣ አንዳንድ ወላጅ ያንኑ ቁጥር አይቶ ክኒኑን ይመርጣል።

እዚህ ላይ ክሩ ያለቀ መስሎኝ ልቆልፈው ነበር። ቁጥር 30 ገባ። የቁጥር 1 ሚስት ናት፤ ለዚህ ብላ አዲስ አካውንት ከፍታለች።

ባሌ የተናገረው ሌሊቱን ልክ ነው፣ ምክንያቱን ግን አልያዘውም አለች። የተቆጣችው በዕጣው አልነበረም። ዕጣ መኖሩን ያወቀችው ከተቆጣች በኋላ ነው። ጥናቱ ሲነገራቸው ማታ ነበር፤ ባሏ ከሥራ ገና አልደረሰም፤ እንግሊዝኛዋ ለገበያ እንጂ ለሆስፒታል አይበቃም፤ አስተርጓሚ በስልክ ተጠራ። አስተርጓሚው ወንድ፣ ድምፁ የቸኮለ፣ የተነገረውን አንድ በአንድ ሲገለብጥ የሰማችው ዓረፍተ ነገር ልጅሽ ላይ ሙከራ ሊሠሩበት ፈቃድሽን ይፈልጋሉ የሚል ነበር። ሙከራ። ሰባ ቀን ከመስታወት ውጭ ቆማ ያየችው ልጅ ላይ። ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማችም፤ ባሏ ሲደርስ ያገኛት እያለቀሰች ነው፣ እሱም ወረቀቱ ላይ ያነበበው የመጀመሪያ ነገር የዕጣው ነገር ስለነበር በዚያ የተቆጣች መሰለው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንደዚያ መስሎት ኖሯል። እሷም አላረመችውም፤ በዚህ ክር ላይ ዕጣ ዕጣ ስትሉ ሳነብ ነው ያወቅኩት አለች።

ቁጥር 31 ባሏ ነው። አንድ መስመር ብቻ ጻፈ፤ አልደግመውም።

ከዚያ በኋላ ስለ ቃሉ ተነጋገርን። እትዬ ነርሷ በሳቸው ጊዜ ምርምር ይባል እንደነበር፣ ምርምርም ሰውን የሚያስደነግጥ እንደሆነ ጻፉ፤ ጥናት ይሻላል፣ ጥናት ማንንም አይወጋም። ሂሳብ መምህሩ ማነጻጸሪያ ጥናት ቢባል አለ፤ ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ፣ የትኛው እንደሚሻል አናውቅም፣ እናነጻጽራለን ማለት ነው። የእስራኤሉ ሰው ቃል ማለስለስ ማታለልም ይሆናል፤ ካኖ ላይ ሙከራ የሚለውን ቃል አለመናገር ነበር ወንጀሉ አለ። ሁሉም ዝም አለው። ሚስትየዋ ግን በቁጥር 32 እሱ ትክክል ነው አለች። ሙከራ ቢሉኝም እሺ፤ ግን ሁለቱም መንገድ ያለና ሐኪሞች በየቀኑ የሚሠሩት እንደሆነ፣ እንቢ ብልም ልጄ ከሁለቱ አንዱ እንደሚደርሰው፣ ወረቀቱን ቤት ወስጄ ማደር እንደምችል ይነገረኝ። በስልክ ሳይሆን ፊቴን እያየ የሚነግረኝ ሰው ይምጣ።

ቁጥር 33 ከየት እንደሆነች ያልገለጸች እናት ናት። በ31 ሳምንት የተወለደው ልጇ ቡአ አለበት፤ ሐኪሞቹ ይቆይ ብለው ነገ ሊያስወጡት ነው፤ ቤት ምን ልጠብቅ ብላ ጠየቀች። የሰመመኗ ባለሙያ በሰባት ደቂቃ ውስጥ መለሰችላት፣ ቁጥር 34 እሱ ነው፦ እብጠቱ ሲያለቅስ ወጥቶ ሲረጋጋ ከገባ አትደንግጪ። ከወጣ በኋላ አልገባ ካለ፣ ከጠጠረ፣ ከቀላ፣ ልጁ ያለማቋረጥ ካለቀሰ ወይም ካስመለሰ፣ በተለይ አረንጓዴ ነገር ካስመለሰ፣ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አትጠብቂ፤ ጡት ማጥባቱንም አቁመሽ ውሰጂው። ሚስትየዋ ከሥሩ የውስጥ መልእክት ልኬልሻለሁ፣ ስልኬ አለበት፣ የምሠራው በሌሊት ስለሆነ ነቅቼ ነው የማድረው ብላ ጻፈች። ክሩን አልቆለፍኩትም።